አዲስ ጨርቅ አልቆርጥም

ጨርቅ በያርድ መግዛት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ያሉት ብርድ ልብሶች በሙሉ ቀድሞ ሰው የለበሳቸው ናቸው፤ የባለቤቴ ሸሚዝ፣ የልጆቼ ጂንስ፣ የእኔ የሥራ ዩኒፎርም። አሜሪካኖች ኩዊልት ይሉታል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ከላይ ይሆናል፣ ከመካከል ንጥፍ ጥጥ ይገባል፣ ከሥር ገበር ይደረግና ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ።

ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ይኖሩ የነበሩ አንዲት የአላባማ ሴት ናቸው። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸው መርፌ ትተዋል፤ ምላሳቸውን ግን የሚይዘው አልነበረም። የሌሊት ተረኛ ስሆን እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ያስተምሩኛል። ሸሚዝ ክርኑና አንገቱ ቢያልቅም ጀርባው ደህና ነው፤ ከዚያ ጀምሪ። ሱሪ ሲሆን ስፌቱን ፍቺና ገልብጪው፤ ፀሐይ ያላየው የውስጡ ቀለም አዲስ ነው። ቀይ ጨርቅ ሳታጥቢ ከነጭ ጋር አትስፊ፤ በመጀመሪያው እጥበት ያለቅሳል።

ያኔ ግን እኔን የማረከኝ ሱቁ ነበር። ከአትላንታ ወጣ ብሎ፣ ከምኖርበት ክላርክስተን ብዙም ሳይርቅ፣ ጨርቁ በቀለም በቀለም ተደርድሮ የሚሸጥበት ቤት አለ። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር እዚያ ነኝ። ስፌቱ ሩብ ኢንች ሳይዛነፍ፣ ማዕዘኑ ሁሉ የገጠመ ባለ ኮከብ ብርድ ልብስ ሠራሁና ፎቶውን ደሴ ለእናቴ ላክሁላት።

«ደህናውን ጨርቅ ቆራርጦ መልሶ መስፋት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ድሪቶ እኮ ሰው ሲቸግረው ነው የሚደርተው» አለችኝ።

አኩርፌ ስልኩን ዘጋሁ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ እውነቷን ነበርና።

አሮጊቷ ደጋግመው የሚያነሱት ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ፤ የአላባማ ወንዝ በሦስት ጎን የከበበው የጥቁሮች መንደር ነው። የሴቶቹ ብርድ ልብሶች በፈረንጆቹ 2002 በትልልቅ ሙዚየሞች መታየት ጀመሩ፤ በ2006 ደግሞ የፖስታ ቴምብር ወጣላቸው። ከእነርሱ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ፣ በ1942 ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው የሟቹን የሥራ ልብስ ቆርጠው ብርድ ልብስ አደረጉት። በ1972 የመንደሩ ሴቶች ሲርስ ለተባለው የንግድ ድርጅት ኮርዶሮይ ከሚባለው ባለ መስመር ወፍራም ጨርቅ የትራስ ልብስ መስፋት ሲጀምሩ፣ ትርፍራፊውን ወደ ቤታቸው እየወሰዱ ለራሳቸው ሠሩበት። ከአሮጌ ሱሪ በተሠሩት ላይ ኪስ የነበረበት ቦታ ጠቆር ብሎ፣ ጉልበቱ ነጣ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ቀለም የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም። ኮከቡን ትቼ የባለቤቴን የፓርኪንግ ሥራ ሱሪዎች መፍታት የጀመርኩት እነርሱን ካየሁ በኋላ ነው።

የአገራችን ልብስ ሌላ ጣጣ አለው። ያረጀ ቀሚሴን ጥለት ልጠቀምበት ስነሣ፣ ሸማው ሳሳ ያለ ስለሆነ መቀስ ሲነካው ክሩ ይተረተራል። ስለዚህ ከመቁረጤ በፊት ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ እለጥፍበታለሁ። ካውያውም ለብ ያለ ይሁን፤ የዘንድሮ ጥለት ብዙው ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ በጋለ ብረት ይኮማተራል። የተቀደደ ጋቢ ግን በረከት ነው፤ አውጥቼ በጥጡ ፋንታ ከመካከል አስገባዋለሁ። ስንት ዘመን የታጠበ ስለሆነ ከእንግዲህ አያጥርም። አራት ድርብ ነውና መርፌ ይሰብራል፤ ለሁለት ገንጥዬ ስጠቀም ሥራው ይቀላል፣ ከአንድ ጋቢም ሁለት ብርድ ልብስ ይወጣል።

ግድግዳ ላይ ልስቀለው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ አልሰፋም። ብርድ ልብስ ይለበሳል፣ ቡና ይፈስበታል፣ ይታጠባል፣ ሲቀደድም ይጣፋል። የመጀመሪያ ልጄ የሱሪው ኪስ እንዳለ እንዲተውለት ለምኖኝ ነበር፤ አሁን የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይከትበታል፣ እኛም ስንፈልግ እንውላለን።

ግዢልኝ ሳይሆን ሥሪልኝ ለምትሉኝ ጎረቤቶቼ፦ ያረጀ ልብሳችሁን አጥባችሁ አምጡ። ቁልፉንና ዚፑን እኔ እነቅላለሁ። ፖሊስተር ግን አልቀበልም።