«መንገዱስ የታለ?»

እናቴ ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ነጠላዋን አውልቃ ለእኔ አቀበለችኝ። አብራሪ የሆነው አማቿ ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ ነጠላውም ቦርሳውም ከእርስዎ ጋር ነው የሚመዘነው» አላት። መልሳ ተከናነበችና ወጣች። 61 ኪሎ። በእርሳስ ጻፈው። ከእሷ ቀጥሎ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቴ፣ ወንድሜና ሚስቱ፣ ሦስቱ ልጆቻቸው፣ ሁላችንም በየተራ ተመዘንን። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፣ የቦሌ ብርድ ገና አልለቀቀም። ዘጠኝ ሆነን ለቅዳሜና እሑድ ወደ ድሬዳዋ ልንበር ነው።

እናቴ የድሬ ልጅ ናት። አያታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው በጡረታ የወጡ። እሷም አዲስ አበባ ካገባች በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቿን ሰብስባ ከለገሃር ተሳፍራ ነበር ወደ ቤተሰቦቿ የምትወርደው። እኔም ጭኗ ላይ ተኝቼ፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር በሻጮች ጩኸት ስነቃ ትዝ ይለኛል። የድሮው ባቡር ሥራ ሲያቆም ጉዞው በአውቶቡስ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ጉልበቷ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋልን እምቢ አለ፤ በመደበኛው በረራ ወሰድናት። ከደመና በላይ ወጣን፣ የቀረበልንን ጠጣን፣ ወረድን። በረራው ምንም የሚወጣለት እንከን የለም፣ ፈጣን ነው፣ ዋጋውም አሁን ከምንከፍለው ጋር አይወዳደርም። እሷ ግን ድሬ ላይ መሬት እንደረገጠች ዞር ብላ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መንገዱስ የታለ?»

ያቺ ጥያቄ ከቤታችን አልወጣ አለች። የታላቅ እህቴ ባል ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ አብራሪ ነው። አምስታችን ልጆች የቤተሰብ እቁብ ጣልን። ዕጣው ለማንም አይወጣም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተጠራቅሞ ለአውሮፕላን ኪራይ ይከፈላል። ቅብጠት ነው ያለን ብዙ ነው። እኔ ቅብጠት አልለውም። ሰው ለሠርግና ለተዝካር ያለውን ሲያወጣ አይተን አናውቅም እንዴ? እናታችን በሕይወት እያለች መንገዷን ብናሳያት ምን ክፋት አለው? ይኸው ዘንድሮ አራተኛ ጉዟችን ሆነ።

የምንከራያት አውሮፕላን ሴስና ካራቫን ናት፤ ሞተሯ አንድ፣ አፍንጫዋ ላይ የምትሽከረከረው ፕሮፔለርም አንድ። ክንፏ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የሚጋርደው ነገር የለም። ሚዛኑ ግን ዋዛ አይደለም። ትልቅ አውሮፕላን ላይ የአንድ ሰው ክብደት ከብዙው መሐል ይጠፋል፤ እዚህ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ራሱ በስሌት ነው። ከኋላ ከከበዳት አፍንጫዋ ሽቅብ ይቃጣል፣ ለአብራሪውም አትታዘዝም። ስለዚህ ወፍራሙ ወንድሜ ከፊት ተቀመጠ፣ ልጆቹ ከኋላ። እናቴ በስተቀኝ መስኮት ያዘች። የመረጠችው ራሷ ናት፤ ወደ ድሬ ሲኬድ ሐዲዱ በዚያ በኩል ነው።

በማለዳ መነሣታችንም በምክንያት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከምሳ በኋላ ተነሥተን ነበር። ፀሐይ ያጋለው ቆላ አየሩን ከሥር ወደ ላይ ሲገፋው አውሮፕላኗ ከአዋሽ እስከ ድሬ እንደ ወንፊት ተናጠች፤ የወንድሜ ትንሹ ልጅ ሲያስመልሰው፣ እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ዐይኗን እንደጨፈነች ደረሰች። ለዚያ ሁሉ ወጪ ዐይን ጨፍኖ መድረስ አንጀት ያቃጥላል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይዋ ሳትከር መድረስ ሕጋችን ሆኗል።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደር ይፈልጋል። ከተነሣን በኋላ 11,000 ጫማ ላይ ቀጥ አልን፤ ከቦሌ ሜዳ 1,000 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለን ማለት ነው። ደስ የሚለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እኛ ከፍታችንን አንለውጥም፣ መሬቱ ነው ከሥራችን እየወረደ የሚሄደው። ቢሾፍቱ ላይ ሐይቆቹ እንደ ተደረደሩ ስኒዎች ናቸው፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። አዳማን አልፈን ቁልቁል ስናይ አገሩ ሰፍቶ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቡና ዓይነት ዞሯል። ካራቫን እንደ ትልልቆቹ አየር ታምቆ የሚሞላባት ስላልሆነች የውስጧ አየር እንደ ውጭው ስስ ነው፤ ብርድም ስላለ እናቴን በጋቢ ጠቀለልናት።

እሷ ግን ብርዱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ትንፋሿ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ እንደገና ይደበዝዛል፣ እንደገና ትወለውላለች። ሌባ ጣቷ መስታወቱ ላይ ነው፤ ሐዲዱ በሄደበት ይሄዳል። «ወለንጪቲ… ይኼ መተሐራ።» መተሐራን መሳት አይቻልም፤ በደረቁ አገር መሐል በማስመሪያ የተሰመረ የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ ከጎኑ የፈንታሌ ተራራ አፉን ከፍቶ፣ ከሥሩ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ዐለት። እዚያው አጠገብ በሰቃ ሐይቅ፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ሲገፋ የኖረው። «እኛ ስናልፍ ውኃው እዚያ ማዶ ነበር» ትላለች። ልጆቹ በተራ እየመጡ በትከሻዋ በኩል ያያሉ።

አሁን ሁለት ሐዲድ ነው ያለው። አዲሱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪኩ፣ ሰፋ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሮጌው ቀጭን ነው፣ ኮረብታ ሲያጋጥመው ይዞራል፣ ሸለቆ ሲያጋጥመው ይጠማዘዛል። የእናቴ ጣት አሮጌውን አይለቅም። አዋሽ ስንደርስ አማቿ ነገሩ ገብቶት ወደ ቀኝ ጠጋ አለና ክንፏን ዘንበል አደረገላት። ጣቢያው፣ ቡፌው፣ ከዚያ ወንዙ የቆፈረው ገደል። «አባዬ ደመወዝ የተቀበለ ጊዜ እዚህ ወርደን ለስላሳ ይገዛልን ነበር» አለች፤ ይህን ታሪክ በ40 ዓመቴ የዚያን ቀን ገና ሰማሁት። በመደበኛው በረራ ላይ ይህ ታሪክ ትዝ አይላትም ነበር፤ አዋሽን ሳታይ አዋሽን ከየት ታምጣው? ከዚያ አሰቦት፣ ተራራውና ገዳሙ፤ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ። በስተቀኝ የጨርጨር ተራሮች እንደ ግድግዳ አብረውን ይሄዳሉ። ሐዲዱ ለምን በሐረር በኩል እንዳልወጣ ለልጆቹ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ግድግዳው እየታያቸው ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደርሶ ስለቆመ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። መጀመሪያ ሊሰጣት የታሰበውም ስም አዲስ ሐረር ነበር።

መውረድ ስንጀምር ለልጆቹ ከረሜላ አደልን፣ ጆሯቸው እንዳይደፈን። ከተማው ላይ አንድ ዙር ዞርን። በአንድ ወገን ከዚራ፣ ዛፍና ቀጥ ያለ መንገድ፤ በሌላው ወገን መጋላ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጣሪያ። መሐላቸው የደቻቱ ወንዝ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከላይ ሲታይ ግን ከተራራው የሚወርደው ሸለቆ ሁሉ እንደ እጅ ጣቶች ተሰብስቦ ወደዚያ አሸዋ ሲገባ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ድሬ ላይ ከባድ ዝናብ አልነበረም ይላሉ ያዩት፤ ውኃው የደጋው ነው። እናቴ የልጅነት ጎረቤቶቿን ያጣችው ያን ሌሊት ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን፣ ጎማው መሬት እስኪነካ።

በሩ ሲከፈት የድሬ ሙቀት እንደ ምድጃ ፊት ነው። ጋቢው ተጣጥፎ ቦርሳ ገባ። አክስቴ አጥሩ ጋ ቆማ፣ «አቦ ምነው ቆያችሁ!» እያለች ትጣራለች፤ ከቦሌ ከተነሣን ገና አንድ ሰዓት ተሩቡ ነው። ቤቷ ባጊያና ሳምቡሳ ተቆልሎ ጠበቀን።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ሐረር ወጣን። የደንገጎን ጥምዝምዝ መንገድ ጨርሰን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ሁሉም መስኮት ይከፍታል። ደርቆ አልቅሰንለት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውኃ ተመልሶበት አየን፤ እናቴ ሹፌሩን አስቁማ ወርዳ አየችው። ጀጎል ውስጥ እስኪመሽ ተዘዋወርን። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ደቻቱ በሞላበት በዚያው ክረምት ነው፣ ጎርፉ ከመምጣቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ። ማታ ጅብ ሲበላ አይተን ተመለስን። ልጆቹ ስለጅቡ ሌላ ጊዜ ይጻፉ፤ እኔ ስለመንገዱ ነው የያዝኩት።

ሌሊቱን በረንዳ ላይ ስናወጋ፣ አብራሪያችን በ1921 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሿ ፖቴዝ፣ ከጅቡቲ ተነሥታ እንደመጣች አጫወተን። እናቴ፣ «ታዲያ በእኛው ሐዲድ ላይ ነዋ የመጣችው» አለች። ሊከራከራት አልፈለገም።

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሚዛኑ እንደገና ወጣ። ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፤ ድሬ ከቦሌ በጣም ዝቅ ብትልም ቀትር ላይ የጫነች አውሮፕላን ብዙ ትንደረደራለች። ስለዚህ አማቻችን በሰዓቱም በኪሎውም አይደራደርም። አክስቴ ከከፊራ ገበያ ሦስት ጆንያ ብርቱካንና ማንጎ አስጭና መጥታለች። አንድ ወንበር ባዶ መሆኑን ያየችው እናቴ ናት። «አንቺ ለምን አትመጪም?» አለቻት። አክስቴ በአውሮፕላን ሄዳ አታውቅም። ጆንያዎቹን አየች፣ አውሮፕላኗን አየች፣ አማቻችንን አየች። እሱም ወረቀቱ ላይ ደማምሮ፣ «እርስዎ ከመጡ ሁለቱ ጆንያ ይቀራል» አላት። «ይቅራ!» አለች። ሻንጣ እንኳ አልነበራትም፤ ጫማዋን ለመቀየር ወደ ቤት ልመለስ ብትል እህቴ ከልክላት የራሷን ሰጠቻት።

በመልሱ ሐዲዱ በስተግራ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች በግራ በኩል ፊትና ኋላ ተቀመጡ፣ እናቴ ከአብራሪው ጀርባ። ስንነሣ አክስቴ የወንበሩን ክንድ ጨምድዳ ነበር፤ ሁርሶ ላይ ለቀቀችው። «ቀጥሎ ጎታ ነው» አለች። «ኤረር ይቀድማል» አለች እናቴ። «ጎታ!» «ኤረር ነው፣ ብርቱካን የምንገዛበት!» ኤረር ቀደመ። አክስቴ መሸነፏን በመስኮቱ አይታ፣ ከእግሯ ሥር ካለው ጆንያ አንድ ብርቱካን አውጥታ በጥፍሯ ትልጠው ጀመር። ሽታው ያቺን ትንሽ ክፍል ሞላት። እየገመሰች ወደ ኋላ አሳለፈችልን፣ ለልጆቹ ሁለት ሁለት። የመጨረሻዋን ፍልቃቂ ለእናቴ አቀበለቻት። እናቴ አልበላችውም፤ ቀበቶዋ እስከፈቀደላት ወደ ፊት ተንጠራርታ፣ ሁለት እጁ የተያዘበትን አማቿን አጎረሰችው።