ካልቪ፦ 27 ሜትር ውኃ ሥር ያለው ቢ-17

ኮርሲካ ውስጥ ወደ ካልቪ በባቡር የሚሄድ ሰው፣ ከባስትያም ይነሣ ከአጃክስዮ፣ በፖንቴ ሌቻ ጣቢያ በኩል ያልፋል። ከወደቡ በኋላ ያለው የጀልባ መንገድ የደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ጠላቂዎች ሊያዩት የሚመጡት ቢ-17፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ የተኛው ከአሮጌው ምሽግ ግርጌ ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1944 ከጣሊያን ተነሥቶ ቬሮናን ለመደብደብ ሲበር የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች መቱት። አብራሪው ፍራንክ ቻፕሊክ የተጎዳውን አውሮፕላን እዚህ ድረስ አምጥቶ ባሕሩ ላይ አሳረፈው። ከባልደረቦቹ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ፤ ቦታው በዚህ ልክ ሊከበር ይገባል።

ቢ-17 ባሕር ላይ ሲያርፍ የሚከተለው ሥርዓት ነበረው። የቦምብ በሮች ይዘጋሉ፣ ጎማዎች አይወርዱም፣ መትረየስና ጥይት ክብደት ለመቀነስ ይጣላል። ከአብራሪዎቹ በቀር ሌሎቹ ሬዲዮ ክፍል ገብተው ጀርባቸውን ለፊተኛው ግድግዳ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሁለቱ የጎማ ጀልባዎች ከላይ፣ ከቦምብ ክፍሉ በላይ ናቸው፤ የሚለቀቁትም ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ባለ እጀታ ነው። ክንፉ ዝቅ ያለ በመሆኑ ውኃውን በሰፊው ይመታል፣ አካሉንም ለጥቂት ጊዜ ያንሳፍፋል። የሌላው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ የቢ-24 ክንፍ ግን ከላይ ነው፤ ተጠቅላይ የቦምብ በሮቹም ስስ ስለሆኑ ውኃው ሰብሯቸው ይገባና አካሉ ይቆረጣል። ካልቪ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.6 ሜትር የሚረዝመው ክንፍ ተዘርግቶ የሚታየው ለዚህ ይመስለኛል። አፍንጫው ግን ተቀድዷል፣ ጅራቱም ተለይቷል።

መጀመሪያ ወደ ሞተሮቹ መሄድ ይበጃል። እያንዳንዱ 9 ሲሊንደር ያለው፣ ራይት ሳይክሎን የተባለ ሞተር ነው፤ ፕሮፔለሩ ሦስት ምላጭ አለው። ምላጩ ወደ ኋላ ከተጣጠፈ ሞተሩ ኃይል ሳይሰጥ ውኃ ነክቷል ማለት ነው፤ ጫፉ ወደ ፊት ከተቆለመመ በኃይል ይሽከረከር ነበር። ዘይቱ የፈሰሰበት ሞተር ምላጩን ወደ ነፋስ አቅጣጫ ማዞር አይችልም፤ በነፋስ እየተሽከረከረ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። አንድ ሞተር ብቻውን ሲጠፋ ሳይሆን እንዲህ ሲሆን ነው ከፍታ የሚጠፋው።

ቀረብ ብለን የክንፉን ቆዳ ስናይ ዝገቱ እኩል አልተስፋፋም። የብረት ብሎን ባለበት ሁሉ ዙሪያው ያለው አልሙኒየም ነጭ ዱቄት ሆኗል፤ ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውኃ ሲገናኙ ደካማው ይበላል። ስለዚህ የክንፉን ጫፍ መያዝም ሆነ ላዩ ላይ መንበርከክ ክልክል መሆን አለበት፤ ያልተነካ የመሰለው ክፍል ውስጡ ወረቀት ነው።

አየርን በተመለከተ 27 ሜትር ላይ ግፊቱ 3.7 ባር ነው። ከውኃው በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚህ 74 ሊትር ይፈጃል። ጠላቂው የሚሸከመው 12 ሊትር የአየር ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር ይይዛል፤ 50 ባር መጠባበቂያ ሲቀነስ 1,800 ይቀራል፣ ማለትም መውረጃና መውጫን ጨምሮ 24 ደቂቃ ገደማ። ብዙዎች የሚሳሳቱት አውሮፕላኑን ሙሉ ዞረው ለመጨረስ ሲጣደፉ ነው፤ ጥድፊያ ትንፋሽን እጥፍ ያደርጋል። ናይትሮክስ 32፣ ማለትም 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው የመተንፈሻ አየር፣ ናይትሮጅኑን ይቀንሳል እንጂ አየሩን አያበዛም፤ የጥልቀት ወሰኑም 33 ሜትር አካባቢ ነው።

በፈረንሳይ ሕግ ከባሕር ሥር ቅርስ ምንም አይነሣም፤ አዲስ ነገር ያገኘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል። ስንወጣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳንበልጥ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆይተን፣ የመልሕቁን ገመድ ሳንለቅ ነው፤ ወደቡ ቅርብ ስለሆነ ከላይ የሚያልፈው ጀልባ ብዙ ነው።