የጫት ገረባና የደቻቱ ድፍርስ ውሃ፦ እስካሁን የደረስኩበት

በድሬዳዋ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድሬ ጠብታ ሳይወርድባት ጎርፉ ይደርሳል። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ለድሬ ሰው ማስታወስ አያስፈልግም። እኔን የያዘኝ ጎርፉ ሳይሆን ውስጡ ያለው ጭቃ ነው። አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል። ደቃቁ ሸክላ አፈር ግን በሃይላንድ ቀድታችሁ ብታሳድሩትም ጠዋት ያው ድፍርስ ነው።

ቅንጣቶቹ ደቃቅ መሆናቸው ብቻ አይደለም ችግሩ። የሸክላ ቅንጣት ላዩ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተያይዘው ከብደው መውረድ አይችሉም። ሻብ ውሃ የሚያጠራው በዋናነት ይህን ቻርጅ ስለሚያከሽፍ ነው። የኔ ሙከራ ይህንኑ ሥራ ከጫት ገረባ ለሚወጣ ሴሉሎስ መስጠት ነው።

ሴሉሎስ ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። እንዳለ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት አይሟሟም፣ ሸክላውንም አይስብም። ግን በእያንዳንዱ ግሉኮስ ላይ 3 የሃይድሮክሲል ቦታዎች አሉ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የአሞኒየም ቡድን ከተተከለ ነገሩ ይለወጣል። ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ አንዱ ጫፍ አንዱን ቅንጣት፣ ሌላው ጫፍ ሌላውን ይይዛል።

ለምን ገረባ፣ ማለትም ከተቃመ ጫት የሚተርፈው እንጨትና ቅጠል? ድሬ ላይ ገረባ ፈልጎ ማጣት የለም። ከበርጫ በኋላ ተፎካካሪዎቼ ፍየሎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቅጠሉን ነው የሚፈልጉት፣ እንጨቱ ለኔ ይቀራል። አድርቄ ፈጭቼ በኮስቲክ ሶዳ እቀቅለዋለሁ። እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን እየለቀቀ ውሃው ይጠቁራል። ከዚያ ማጠብ፣ ማጠብ፣ አሁንም ማጠብ ነው። በመጨረሻ በረኪና ያነጣዋል። በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ኮስቲክ ሶዳም ዓይን ስለሚያጠፋ ያለ ጓንትና መነጽር አይነካም። እኔ የምሠራው ጭስ ማውጫ ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ይህ የወጥ ቤት ሥራ አይደለም።

አስቸጋሪው ማሟሟቱ ነው። የታወቀው ዘዴ 7 በመቶ ኮስቲክ ሶዳና 12 በመቶ ዩሪያ ያለው ውሃ እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ሴሉሎሱን እዚያ ውስጥ መምታት ነው። ዩሪያው ገበሬው ማሳ ላይ የሚበትነው ያው ዩሪያ ነው፣ የላብራቶሪው ንጹህ ከመሆኑ በስተቀር። ቅዝቃዜውን ግን ድሬ ላይ ሞክሩት! መብራት ከጠፋ ፍሪዘሩ ይለቃል፣ ሥራውም አብሮ ያድራል። ሲሳካ ግን ደስ ይላል፤ ነጩ የሴሉሎስ ቃጫ እየጠፋ ወፍራም ወለላ ይሆናል። አሞኒየሙን የሚተክለው ኬሚካል የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። እሱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ በቁንጥር ነው የምጠቀመው።

ከዚያ የደቻቱን ውሃ በየቢከሩ (የላብራቶሪ ብርጭቆ) እኩል ቀድቼ የሠራሁትን ሴሉሎስ ከትንሽ ወደ ብዙ እጨምራለሁ። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ቀጥሎ 15 ደቂቃ ያህል በዝግታ አማስላለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ዝም ብዬ እተወዋለሁ። በዝግታ ማማሰሉ ላይ አትቸኩሉ፤ ፍጥነት የተያያዘውን ይበጣጥሳል። መጠኑ የተስማማው ቢከር ውስጥ መጀመሪያ ደቃቅ ነጠብጣብ ይታያል። ከዚያ አይብ ከአጓት እንደሚለይ ጭቃው እየተጠራቀመ ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ውሃ በኩል ጋዜጣ ይነበባል።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የመጨረሻው ቢከር ነው። ብዙ ሴሉሎስ የገባበት ውሃ እንደገና ድፍርስ ነው። ሲበዛ ቅንጣቶቹ በሙሉ በፖዘቲቭ ቻርጅ ይሸፈኑና እንደ ድሮው መገፋፋት ይጀምራሉ፤ ምልክቱ ነው የተለወጠው። ስለዚህ «ካልጠራ ጨምርበት» የሚለው የቤት ልማድ እዚህ አይሠራም። ዛሬ የሠራው መጠንም ለነገው ጎርፍ ላይሆን ይችላል፤ የጭቃው ብዛት ይለያያልና በየጊዜው መሞከር ግድ ነው።

ከሻብ ጋር ካነጻጸርነው፣ በዋጋ ሻብ ያሸንፋል፣ ጥያቄም የለውም። ግን ሻብ ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋል፣ የሚተወው አተላም አሉሚኒየም አለበት። ለኔ ሴሉሎስ አሁን ጥሩ የሚመስለኝ ከትንሽ ሻብ ጋር፣ የተያያዘውን ጭቃ ለማክበድ ነው። ሻቡን ሙሉ በሙሉ ይተካል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወጪውን ጠይቁት።

ጠራ ማለት ደግሞ ይጠጣል ማለት አይደለም። ከጭቃው ጋር የሚወርድ ተህዋስ አለ፣ ሁሉም ግን አይወርድም። የዓለም ጤና ድርጅት ከክሎሪን በፊት ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል፤ ማጥራቱ ክሎሪኑን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። የሟሟ ነገርም አይነካም። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው የድሬ ኖራ እንዳለ ይቀራል።

ቀጥሎ የማሽላ አገዳ ነው። ከገረባ ይልቅ በቶሎ የሚቀቀል ይመስለኛል። ሐረር በኩል ያላችሁ፣ ክረምት ላይ ድፍርስ ውሃ ካገኛችሁ በሃይላንድ ያዙልኝ፤ ቀኑንና የተቀዳበትን ቦታ ጠርሙሱ ላይ ጻፉ፣ ሻብ ግን እንዳትነኩበት።