የእንግሊዝኛን ፈሊጥ ወደ ስፓኒሽ ስመልስ

ስፓኒሽን የለመድኩት ኩባ ነው። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ወደ ወጣቶች ደሴት ተልከን፣ ግማሽ ቀን እየተማርን ግማሽ ቀን የብርቱካን እርሻ ላይ እየሠራን ካደግን ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ እተረጉማለሁ፤ ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለኝ ፈሊጡ ነው።

ፈሊጥ ሲገጥመኝ መዝገበ ቃላት ከመግለጤ በፊት ማን ለማን፣ በምን ስሜት እንደተናገረው አጣራለሁ። እንግሊዝኛው የሞተን ሰው «ባልዲውን መታ» ይለዋል። በስፓኒሽ «እግሩን ዘረጋ» ይባላል፤ ሜክሲኮዎች «ሸራ ጫማውን ሰቀለ»፣ ኩባዎች ደግሞ «ቅማሉን ሰቀለ» ይላሉ። ሁሉም የጨዋታ አነጋገር ነው። ልብ ወለድ ስተረጉም ቅማሉን ከኩባዊ ገጸ ባሕርይ አፍ ውጪ አላስገባውም፤ ከማድሪድ ሰው አፍ ቢወጣ አንባቢው ወዲያው ይነቃል።

ቀላሎቹ ብዙ አያደክሙም። እንግሊዝኛው በአንድ ድንጋይ የሚጥላቸውን ሁለት ወፎች ስፓኒሹ በአንድ ተኩስ ይጥላቸዋል። ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ በእንግሊዝኛው ክንድና እግር፣ በስፓኒሹ የፊት ዐይን ያስከፍላል።

ከባዱ «ጥይቱን ንከስ» ነው፤ እኛ ጥርስህን ነክሰህ ግባበት እንደምንለው። ለዚህ ስፓኒሽ እጅግ የምወደው አባባል አለው፦ «ሃሴር ዴ ትሪፓስ ኮራሶን»፣ ከአንጀት ልብ መሥራት። ግን እንግሊዝኛው የመጣው ስለ አንጀት ምርመራ በተጻፈ የክሊኒክ ወረቀት ላይ ነበር። ፈርቶ ለተቀመጠ በሽተኛ ስለ አንጀቱ ፈሊጥ አይነገረውም። ስለዚህ ፈሊጡን ትቼ፣ በአክብሮቱ «ኡስቴድ»፣ ማለትም በ«እርስዎ»፣ «ቢፈሩም እንኳ ቀጠሮ ይያዙ» ብዬ ጻፍኩት። ፈሊጥን በፈሊጥ መተካት ግዴታ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ዋናው በሽተኛው ስልኩን አንስቶ መደወሉ ነው።

ሌላው አገሩን ማወቅ ነው። «በሬውን በቀንዱ ያዝ» ሁለቱም ቋንቋ ውስጥ አለ። ኩባና ስፔን ለመያዝ «ኮኼር» ይላሉ፤ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ግን ቃሉ ነውር ነው። እዚህ አካባቢ ትልቁ የላቲኖ ማኅበረሰብ የኤልሳልቫዶር ስለሆነ፣ በልጅነት አፌ የለመደውን ትቼ «አጋራር» እጽፋለሁ።

ስጨርስ ለአንዲት ሳልቫዶራዊት የሥራ ባልደረባዬ እንግሊዝኛውን ሳላሳያት ስፓኒሹን ብቻ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። «እንዴት ነው ያልከው?» ካለችኝ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ እጀምራታለሁ።