ሱፐርማን፣ ልጄና ሳልጠይቅ የተሰጠኝ ቅጽ

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ሰሞኑን በደወሉ ቁጥር «እውነት ሱፐርማን ግብረ ሰዶማዊ ሆነ? አንቺስ ልጅሽን እንዴት ዝም ብለሽ ታስነብቢዋለሽ?» ይሉኛል። ጥያቄው ከቅን ልብ እንደመጣ ስለማውቅ በወጉ ልመልስ።

የሚወራለት ሱፐርማን ሁላችንም የምናውቀው ክላርክ ኬንት ሳይሆን የአባቱን ስምና ካባ የወረሰው ልጁ ጆን ኬንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) መጽሐፍ ዕትም፣ ሰውን ሁሉ ላድን ብሎ ሲሯሯጥ አካሉም መንፈሱም የዛለውን ጆንን ጄይ ናካሙራ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ይንከባከበዋል፤ ፍቅራቸውም እዚያ ይገለጣል። በየስልኩ የሚዞረው መሳሳማቸው ብቻ ነው፤ ድካሙንና እንክብካቤውን ማንም አይልክም።

ነገሩም የትናንት ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ዌርተም የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም የኮሚክ ጀግኖቹ የባትማንና የረዳቱ የሮቢን አብሮ መኖር የሁለት ወንዶችን የፍቅር ምኞት ያንጸባርቃል ብሎ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት የኮሚክ አሳታሚዎቹ መንግሥት እጁን እንዳያስገባባቸው ሰግተው ራሳቸው ባወጡት ደንብ እንዲህ ያለው ነገር በጥቆማ እንኳ እንዳይነሣ ከለከሉ። ደንቡ በ1989 ላላ፤ በ1992 ማርቭል የተባለው አሳታሚ ካናዳዊ ጀግና ኖርዝስታር ወንድ አፍቃሪ መሆኑን በገዛ አንደበቱ ተናገረ፤ በ2012 ደግሞ ተሞሸረ። ደንቡ ከመላላቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ራሱን በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የፈለገ ልጅ የሚያገኘው ዝምታ ብቻ ነበር። ይህ እኔን እንደ እናት ያሳዝነኛል።

እዚህ አገር ክፉኛ ያሳፈረኝ ግን መጽሐፉ አልነበረም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ዊካንና ሐልክሊንግ የሚባሉ ሁለት ጎረምሶች የሚፋቀሩበትን ተከታታይ ታሪክ ጀምሮ ቀጣዩን ክፍል ስላጣ፣ የጨረሰውን ይዤ ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ባለሙያዋ ሽፋኑን አየች፤ ቀጥላ በአንገቴ ያለውን መስቀል አየች፤ አፌን ሳልከፍት ከመሳቢያ ቅጽ አውጥታ «ስጋትዎን እንረዳለን፤ መጽሐፉ እንዲነሣ የሚፈልጉበትን ምክንያት እዚህ ይሙሉልን» አለችኝ። ቅጹ ላይ «መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ አንብበውታል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ! ከኋላዬ የተሰለፉት እየሰሙ፣ የመጣሁት ቀጣዩን ክፍል ፍለጋ መሆኑን ሳስረዳ ፊቴ በእልህ ጋለ። ስለ መቻቻል ሌት ተቀን የሚሰብኩት ሰዎች የሌላ አገር ሰው ሲያዩ ልቡን ሳይጠይቁ ያነቡለታል፤ የኛዎቹም ያላነበቡትን መጽሐፍ በአንድ ሥዕል ይኮንናሉ።

በእነዚህ በሁለቱ ልጆች መሳሳም ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2019 የሪዮ ዲ ጃኔሮ ከንቲባ መጽሐፉ ከመጽሐፍ ዐውደ ርእይ እንዲነሣ አዝዞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ጋዜጣ ሥዕሉን በፊት ገጹ አወጣው፤ የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እገዳውን አስቆመ። ሊደበቅ የታሰበው ሥዕል በአገር ሁሉ ታየ።

አሳታሚዎቹንም አላመሰግንም። ዕትሙ ገና ሳይወጣ ዜናው ዓለምን ይዞራል፤ ማስታወቂያው ከታሪኩ ይገዝፋል። የዊካንንና የሐልክሊንግን ታሪክ የምወድደው እንዲህ ስላልሆነ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ከጓደኞቻቸው ጋር እየታገሉ፣ እየተሳሳቱና እየተሟገቱ አድገው በ2020 ሲጋቡ፣ አንባቢው ማንነታቸውን ጠንቅቆ ያውቃል።

ልጅ ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ እናንተን እያማከረ ልጃችሁን የሚያሳድግ እንዳይመስላችሁ፤ ልጁ በራሱ ካርድ ብዙውን ጊዜ የፈለገውን ይዋሳል። ብትከለክሉት ከጓደኛው ተቀብሎ ያነበዋል፤ ያኔ የሚጠይቃችሁም የሚነግራችሁም ነገር አይኖርም። አብራችሁት አንብቡ። የዕድሜ ምልክቱን ከሽፋኑ ላይ እዩ፤ ያላማራችሁን ገጽ ከፍታችሁ ለምን እንዳላማራችሁ ንገሩት፤ እሱም የወደደበትን ምክንያት ይንገራችሁ። በተለይ ልጃችሁ ከእነዚህ ጀግኖች በአንዱ ውስጥ ራሱን አግኝቶ ከሆነ፣ ስለ መጽሐፉ የምትናገሩትን ሁሉ ስለ እሱ እንደተናገራችሁ አድርጎ ነው የሚሰማችሁ።