ጣሙ ነበር፣ ደስታው ግን አልነበረም

የሁዳዴን 55 ቀን ጾመን፣ በትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዶሮ ወጡ ቀረበ። እናቴ እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሰጠችኝ። በርበሬው ያቃጥላል፣ ቅቤው ያውዳል፣ እንቁላሉ ወጡን ጠጥቷል፤ ሁሉንም ለይቼ አውቄዋለሁ። ምላሴ አልደነዘዘም። ነገር ግን ካርቶን ባኝክም ያው ነበር። «ጣፈጠህ?» ስትለኝ «በጣም፣ እማዬ» አልኳት። ወጥቼ አለቀስኩ ብል ደስ ባለኝ፤ እንባውም አልመጣም።

ድባቴ ሲባል ሐዘን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለወራት ሳልታከም የቆየሁትም ለዚህ ነው። አላዘንኩማ! ሥራ እገባለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። በኋላ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሐዘን አልነበረም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ያጣሁት ምን ያህል ቀን እንደሆነ ነበር የጠየቀችኝ። በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ የሚጀምረው በዚሁ ነው። ይህ ደስታ ማጣት ስምም አለው፤ አንሄዶኒያ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቴዎዱል ሪቦ ነው፣ በ1896 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ስም ያለው መሆኑ ብቻ ትንሽ አሳረፈኝ።

ይበልጥ ያስተማረኝ ግን ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው፣ የሌለ ድምፅ ሊያሰማ የሚችል የአእምሮ ሕመም ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። የሚሰማው ድምፅ በመድኃኒት ጋብ ብሎለታል፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቤተሰቡ «ሰነፈ» ይለው ነበር። እኔም ብያለሁ፤ ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

እየጎተትኩ ቡና ወደተፈላበት ስወስደው ግን ይጫወታል፣ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንም ይጠብቃል፣ ይስቃል። በማግስቱ «ጋሼ፣ ቡና እንጠጣ?» ስለው መልሱ «ምን ሊያደርግልኝ!» ነው። ትናንት የሳቀው ሌላ ሰው ይመስል።

እልኸኝነት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ተገለጠልኝ፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ነገሩ እጃቸው ሲገባ የሚሰማቸው ደስታ ከሌላው ሰው ያን ያህል አይርቅም። የሚጎድለው አስቀድሞ መጓጓቱ ነው። በአንጎል ውስጥ መፈለግና መደሰት አንድ ነገር አይደሉም፤ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ይበልጥ የሚያያዘው ከመፈለጉ ጋር ነው። የጋሼ መድኃኒት ደግሞ ይህንኑ ዶፓሚን የሚገታ ነው። ስለዚህ የመደንዘዙ ከፊል ከራሱ ከመድኃኒቱ ሊመጣ ይችላል። ለሐኪሙ ስንነግረው መጠኑን ቀስ በቀስ ቀነሰለት። በገዛ ፈቃዳችን አልነካነውም፤ አንድ ጊዜ ራሱ አቋርጦት ድምፆቹ ሲመለሱ ያየነው ይበቃናል።

የእኔ የተገላቢጦሽ ነበር። እሄዳለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ ምንም የለም። የጠየቀኝ ሁሉ «ተዝናና» ይለኝ ስለነበር ሠርግ ሄጄ እስክስታ መታሁ፣ ላንጋኖ ድረስም ወሰዱኝ። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነበር። ሁሉም በደስታ በሚፈነድቅበት ቦታ ባዶ ሆኖ መቆም ባዶነቱን ያጎላዋል፤ በዚያ ላይ ላስተናገደኝ ሰው የደስታ ትወና ዕዳ አለብኝ።

የምታክመኝ ባለሙያ በትንሹ አስጀመረችኝ። ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቅ፣ መጀመሪያ አድርገው አለችኝ። በረንዳ ላይ ፀሐይ መሞቅ ለ10 ደቂቃ፣ ጢም መላጨት፣ በእግር ሄዶ ዳቦ መግዛት። በደብተር ላይ ከመሥራቴ በፊት ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ከ0 እስከ 10 እገምታለሁ፣ ከሠራሁ በኋላ የሆነውን እጽፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ዜሮና አንድ ብቻ ናቸው። ደብተሩን ልቀደው ምንም አልቀረኝም። በአራተኛው ሳምንት ከዳቦ ቤት ስመለስ ዳቦው በጋዜጣው ውስጥ እጄን ሲያሞቀኝ ልብ አልኩት። 3 ጻፍኩ። በዚያው ወቅት ፍሎክሰቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት እወስድ ስለነበር ደብተሩ ይሁን ክኒኑ ያገዘኝ መለየት አልችልም፤ ለይቻለሁ የሚለኝንም አላምንም።

ለጋሼም ደብተር ገዛሁለት። ከቡና በፊት 1፣ ከቡና በኋላ 6። በሌላው ቀን 1፣ 7። ከሳምንት በኋላ ደግሞ «ምን ሊያደርግልኝ!» ሲለኝ መከራከሩን ትቼ ገጹን ገልጬ አሳየሁት።

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«ያንተ፣ ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጫማውን ፈለገ። ሁልጊዜ ይሠራል ማለቴ አይደለም፤ ገጹን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚመልስበት ቀን ይበዛል። በእነዚያ ቀናት ቡናውን አልጋው ድረስ አመጣለታለሁ፤ ቁጥር አልጠይቀውም።

ዘንድሮ በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ማንም ሳያየኝ 6 ብዬ ጻፍኩ። ጎረስኩ። ከ4 አላለፈም። በሽታው ተመለሰ ብዬ ልቤ ዝቅ አለ፤ ድምፄን አጥፍቼ እናቴን አየኋት።

ጋሼ የጎረሰውን ውጦ «እማዬ፣ ጨው በዝቶበታል» አለ።