ጨዋው ገዳይ እና የተጣሉት ተመልካቾቹ

ስለ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳዮች ከተሠሩት ፊልሞች መካከል «ኪለር ጆ»ን ያህል ተመልካቹን ያጣላ ብዙ አላውቅም። በዊሊያም ፍሬድኪን ዳይሬክተርነት የተሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2011 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየና በ2012 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር አንዱ «ሆዴን ይዤ ስስቅ ነው ያለቀው» ሲል ሌላው «ግማሽ ላይ አጥፍቼ ተነሣሁ» ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ደግሞ ያንኑ አንድ ትዕይንት ነው። እኔ ግን ጠቡን የሚያነሣው ፊልሙ ላይ የሚፈሰው ደም ሆኖ አይታየኝም፤ ተመልካች የሚጠጋው ሰው ማጣቱ ይመስለኛል። ይህን ለማስረዳት ታሪኩን እስከ መጨረሻው መንካት ግድ ስለሚል፣ ፊልሙን ገና ያላየ ሰው አስቀድሞ አይቶት ቢመለስ ይሻለዋል።

ቦታው ቴክሳስ ነው፣ ዳላስ። ክሪስ የሚባል አደንዛዥ ዕፅ እየቸረቸረ የሚኖር ወጣት 6 ሺህ ዶላር ዕዳ አለበት፤ ካልከፈለ እንደሚገድሉት ያውቃል። በዝናብ፣ በሌሊት፣ አባቱ ከእንጀራ እናቱ ጋር የሚኖርበትን ትሬይለር የሚባል የድሆች ተንቀሳቃሽ ቤት በር እየደበደበ ይመጣና አንድ ሐሳብ ያቀርባል። ከአባቱ የተፋታችው እናቱ አዴል የ50 ሺህ ዶላር የሕይወት ኢንሹራንስ አላት፤ የገንዘቡ ተቀባይ ታናሽ እኅቱ ዶቲ ናት፤ ስለዚህ እናቲቱ ብትሞት ገንዘቡ ቤት ይገባል። ለዚህ ሥራ የታሰበው ሰው ጆ ኩፐር ይባላል። በቀን የዳላስ ፖሊስ መርማሪ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ሰው ይገድላል። ዋጋው 25 ሺህ ዶላር ሲሆን ገንዘቡን የሚቀበለው ከሥራው በፊት ነው። አባትና ልጅ ሰባራ ሳንቲም ስለሌላቸው ጆ ዶቲን በመያዣነት ይጠይቃል፤ እነሱም ይሰጡታል።

ስለ ፊልሙ የሚሰጡ አብዛኞቹ አስተያየቶች ይህን ክፍል እንደ መንደርደሪያ ቆጥረው ዘለውት ያልፋሉ። እኔ ግን ከሁሉም የከፋው እዚህ ጋ ያለው ነው እላለሁ። የገዛ እናትን ስለ ማስገደል በተደረገው ውይይት ውስጥ «ይህ ነገር ነውር ነው» የሚል አንድም ሰው የለም። የሚነሣው ጥያቄ ስንት ይደርሰናል የሚል ነው። ሒሳቡ ራሱ ያስገርማል፤ ከ50 ሺው ግማሹ ለገዳዩ ይከፈላል፣ ቀሪው በቤተሰቡ ይካፈላል፣ ከክሪስ ድርሻ ላይ ዕዳው ሲነሣ ለእሱ የሚተርፈው ኢምንት ነው። ልጅቱን ስለ መስጠት ሲነጋገሩም አባትየው «ለእሷም ሳይበጃት አይቀርም» በሚል ዓይነት ስሜት ይቀበለዋል። ፊልሙን አብረውኝ ካዩት ወዳጆቼ አንዱ፣ በኋላ የሚመጣውን ድብደባ ሁሉ ዓይኑን ሳይነቅል ያየ ሰው፣ ይህን ንግግር ሲሰማ ነው «እናቴን!» ብሎ ከመቀመጫው የተነሣው። በእናት ስም በሚማል አገር ላደገ ሰው ይህ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ ስለ ዘውጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የቅጥረኛ ገዳይ ፊልም ከተመልካቹ ጋር ያለው ውል የቆየ ነው፤ ገዳዩን እንድንወደው አንድ ነገር ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራው የዣን ፒየር ሜልቪል «ለ ሳሙራይ» ውስጥ አለን ደሎን የሚጫወተው ገዳይ ባዶ በሚመስል ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወፍ ያሳድጋል። በ1994ቱ «ሌዮን» ውስጥ ገዳዩ ወተት ይጠጣል፣ በማሰሮ የተከላትን አትክልት ይንከባከባል፣ ሴትና ልጅ አልነካም የሚል ደንብም አለው። በ2008 የወጣው የማርቲን ማክዶናህ «ኢን ብሩዥ» ውስጥ ደግሞ ወጣቱ ገዳይ ሳያስበው ሕፃን በመግደሉ ኅሊናው ዕረፍት ያሳጣዋል። ወፏም፣ አትክልቷም፣ ጸጸቱም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ በክፍያ ሰው የሚገድለውን ግለሰብ ለሁለት ሰዓት ያህል የእኛ ሰው ያደርጉልናል። ሥራውን እንረሳለን፣ ሰውየው ይቀራል።

ፍሬድኪን ይህን ውል ያውቀዋል፤ ለጆም ተመልካች የሚወደው ነገር ሰጥቶታል። የሰጠው ጨዋነትን ነው። በዚያ ጩኸት በበዛበት ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ጆ ብቻ ነው። ጥቁር ባርኔጣው፣ ጥቁር ጓንቱ፣ ላይተሩን ከፈት ዘጋ የሚያደርግበት እርጋታ፣ ሁሉም ራሱን የሚገዛ ሰው ምልክት ነው። ዶቲ የሠራችለትን የቱና ካሰሮል ቁጭ ብሎ በአክብሮት ይበላል። የተናገረውን ያደርጋል፣ ያደረገውንም አይክድም። ጆን የሚጫወተው ማቲው ማኮናሄ በዚያን ጊዜ በፍቅር ኮሜዲዎች የሚታወቅ መልከ መልካም ተዋናይ ስለነበር፣ ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ውጭ ያጠራቀመውን ፍቅር ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። በኋላ ኦስካር ያገኘበት «ዳላስ ባየርስ ክለብ» ገና አልወጣም ነበር። ቀስ በቀስ፣ ሳይታወቀን፣ ከዚያ ሁሉ ውሸታምና ሰነፍ መካከል ይህን ሰው እንመርጠዋለን። ልጅቱን በመያዣነት የወሰደው እሱ መሆኑን እያወቅን እንኳ እንመርጠዋለን። «ቢያንስ እሱ ሥራውን ያውቃል» የሚል አስተያየት ከስንት ሰው አፍ ሰምቻለሁ!

ከዚያ የማዕድ ቤቱ ትዕይንት ይመጣል። ኢንሹራንሱ ለዶቲ የተገባ እንዳልነበረ፣ የገንዘቡ ተቀባይ የአዴል ወዳጅ ሬክስ እንደሆነ፣ እንጀራ እናቲቱ ሻርላም ከሬክስ ጋር በድብቅ እንዳበረች ጆ ደርሶበታል። ሻርላን በጥያቄ ያፋጥጣታል፣ ፊቷን በቡጢ ይመታታል፣ ከዚያም ከመደብር በመጣው የተጠበሰ ዶሮ እግር እዚህ ልዘረዝረው የማልፈልገውን ውርደት ያደርስባታል። ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል፤ አይነሣም። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ለእራት ጠረጴዛ እንዲከቡ ይደረጋል።

«የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ጥሩውን ፊልም አበላሹት» የሚለው አስተያየት ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ጣታቸውን ያሳረፉት በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ የምለያቸው በድምዳሜው ነው። ጆ በማዕድ ቤቱ ውስጥ ባሕርዩ አልተለወጠም። ድምፁ ያው ነው፣ እርጋታው ያው ነው፣ ከሥራው በፊት ክፍያውን የሚጠይቀው ሰው ነው ውሉ ስለ ፈረሰ የሚቀጣው። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ጥሩ አስተዳደግ የቆጠርነው ነገር ከጭካኔው ጋር አብሮ የኖረ መሆኑን ስናይ የምንቆጣው በራሳችን ላይ ጭምር ነው። ፊልሙ ተበላሸ የምንለው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ስል ግን የትዕይንቱን ርዝመት ደግፌ አይደለም። በተለይ ሴቶች ተመልካቾች የሚያነሡት ቅሬታ እውነት አለው፤ ሬክስም፣ ክሪስም፣ አባትየውም ያጠፉትን ጥፋት በሰውነቷ እንድትከፍል የተደረገችው ሻርላ ናት፤ ካሜራውም ነጥቡ ከገባን በኋላ እንኳ ፊቷ ላይ ይቆያል። ምናልባት ምክንያቱ የታሪኩ አመጣጥ ነው። ትሬሲ ሌትስ ይህን የጻፈው በተውኔትነት ሲሆን መጀመሪያ መድረክ ላይ የቀረበው በ1993 በኢሊኖይ ግዛት ኤቫንስተን ከተማ ነው። ሌትስ በኋላ በሌላ ተውኔቱ በ2008 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። በትንሽ ቴአትር ቤት ውስጥ ተመልካቹ ከተዋንያኑ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳል፤ መድረኩ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያይ ዓይኑን ከሴትዮዋ ላይ አንሥቶ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ባል ማየት ይችላል። በፊልም ግን ወዴት እንደምንመለከት የሚወስንልን ዳይሬክተሩ ነው፤ ፍሬድኪን የባልየውን ፊት አብዝቶ ቢያሳየን ኖሮ ትዕይንቱ ይከብድ ነበር እንጂ አይቀልም ነበር። ጂና ጌርሾን ሻርላን የተጫወተችበት ድፍረት የሚደነቅ ነው፤ ድፍረቷ ግን ጥያቄውን አይመልሰውም።

የአሜሪካ ፊልሞችን ደረጃ የሚሰጠው አካልም በበኩሉ ፍርዱን ሰጥቷል፤ ፊልሙ «ኤንሲ-17» የተባለውን፣ ዕድሜያቸው 17 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሰዎች ጨርሶ የማይገቡበትን ደረጃ አገኘ። ይግባኝ ቢጠየቅም ውድቅ ሆነ። ብዙ ሲኒማ ቤቶች እንዲህ ያለ ፊልም ስለማያሳዩ ደረጃው ለገበያ እንደ ሞት ፍርድ ይቆጠራል። ቢሆንም ፊልሙ ለደረጃው ሲባል ሳይቆራረጥ ወጣ፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያገኘውም 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በ1971 «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን»ን ሠርቶ ኦስካር ለወሰደ፣ በ1973 ደግሞ «ዘ ኤክሶርሲስት»ን ላወጣ ዳይሬክተር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ዛሬ ፊልሙ የሚወራለት ግን ከነ ሙሉ አካሉ በመውጣቱ ጭምር ነው።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚነሣው አስተያየት ፊልሙ በድሆች ይሳለቃል የሚል ነው። ይህን ለረጅም ጊዜ አልቀበለውም ነበር ማለት አልችልም፤ ገና ከመጀመሪያው ይታያል። ስለ ኢንሹራንሱ ሊነጋገሩ ወደ ቢሮ ሲሄዱ አባትየው ለወጉ ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ አንዲት ክር ወጥታለች። ክሯ ትሳባለች፣ ስፌቱ ይተረተራል፣ በመጨረሻ እጅጌው በሙሉ ከኮቱ ይለያል። ሰውየው የዚያን ሁሉ ገንዘብ ወሬ የሚሰማው በአንድ እጅጌ ኮት ነው። እኔም ስቄያለሁ። ቶማስ ሄይደን ቸርች ፊቱን ሳይለውጥ እንዲህ ያለውን ነገር መጫወት ይችልበታል። ነገር ግን የሚሳቅበት ሰውየው ጅል በመሆኑ ነው ወይስ ደህና ኮት መግዛት ባለመቻሉ? ፊልሙ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም፤ ወይም ለይቶ ማወቅ አልፈለገም። ደላላውም፣ ጠበቃውም፣ ባለ መልካም ሠፈሩም ሰው እንደሚያስገድል የዘውጉ ታሪክ ብዙ ምሳሌ አለው፤ እዚህ ግን ጭካኔው ከትሬይለሩ የመነጨ እንዲመስል ተደርጓል። በዚህ ላይ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ።

ስለ ፍጻሜው የሚደረገው ክርክር ደግሞ ማለቂያ የለውም። ጆ በእራት ጠረጴዛው ላይ ዶቲን ሊያገባ መሆኑን ያስታውቃል። ሽማግሌ መላክ አላስፈለገውም፣ አባትየው አስቀድሞ ሰጥቷታል። ክሪስ እኅቱን ይዞ ሊሄድ ሲል ጠብ ይነሣል፣ ሽጉጡ በዶቲ እጅ ይገባል፣ ወንድሟን ትገድላለች፣ አባቷን ታቆስላለች፣ አፈሙዙንም ወደ ጆ አዙራ ማርገዟን ትነግረዋለች። ጆ ደስ ይለዋል፤ ጣቷ ምላጩ ላይ ነው፤ ፊልሙ እዚያው ይቆረጣል። ከተመልካቾች ግማሾቹ ተኩሳለች፣ ግማሾቹ አልተኮሰችም ይላሉ፤ አንዳንዱም ዳይሬክተሩ መጨረሻ ስለ ጠፋው ነው ብሎ ይናደዳል። ለእኔ ተኮሰችም አልተኮሰችም፣ በዚያ ቅጽበት የዶቲን ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መኖሩ ይበቃኛል። ጁኖ ቴምፕል ይህችን ልጅ የዋህ ብቻ አድርጋ አልተጫወተቻትም፤ ሁሉን እየሰማች ዝም የምትል አድርጋ ነው የተጫወተቻት።

ስለዚህ ፊልም ካነበብኳቸውና ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የሚጎድለው ስለ አዴል የሚናገር ነው። ስለ ጆ፣ ስለ ሻርላ፣ ስለ ዶቲ፣ ስለ ዶሮው ሳይቀር ሁሉም ይጽፋል፤ ስለ ሟቿ ግን የሚጠይቅ የለም። እናቲቱን በሕይወት ሳለች በቅጡ አናውቃትም። ክሪስ ዕፁን ሰርቃ ለዕዳ እንደዳረገችው ይነግረናል፤ እሱ ግን በሞቷ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ነው። የቀድሞ ባሏም አይወዳትም፤ እሱም ድርሻ አለው። ለገንዘቡ ግድ የሌላት የምትመስለው ምስክር ዶቲ ብቻ ናት። ሕፃን ሳለች እናቷ ትራስ ፊቷ ላይ ጭና ልትገድላት እንደሞከረች ለጆ ትነግረዋለች፤ የግድያውን ዕቅድ ስትሰማም ጥሩ ሐሳብ ነው ትላለች። ይህን ምስክርነት እንመን? ሕፃን የደረሰበትን እንዴት ያስታውሳል? ወይስ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ደጋግሞ የነገራት አለ? ፊልሙ አይመልስም፤ ክሪስ ተጸጽቶ ነገሩ ይቅር ሲልም ሥራው አልቋል። እኛም ተመልካቾች፣ የሳቅነውም የተቆጣነውም፣ አዴል እንዲህ ዓይነት ሴት ናት የሚለውን ነገር የተቀበልነው ከገዳዮቿ አፍ ነው።